«እየወሰድኩ ነው» የሚለው ወጣት፦ የስኳር ሕክምናና የሕይወት እርካታ በሰሜን ሸዋ

የስኳር ክትትል ያለበት ወጣት ቀጠሮው ደርሶ ሲገባ የሚጠየቀው ይታወቃል፤ «የኢንሱሊን መርፌህን በሥርዓቱ እየወሰድክ ነው?» የሚመልሰውም ይታወቃል፤ «አዎ፣ እየወሰድኩ ነው።» የተለካው ስኳር ግን 310 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ነው፤ በጣም ከፍ ያለ። ሐኪሙ መልሱን አምኖ ከተቀበለ መጠኑ አንሶታል ብሎ ይጨምርለታል። ወጣቱ ግን ከሰባት ቀን ሦስቱን ሳይወጋ ነው የከረመው። በአዲሱ ከፍ ያለ መጠን ደንግጦ ሁለት ሦስት ቀን ሳያጓድል ሲወጋ ስኳሩ ይወርዳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ከዚያ ወዲያ መርፌውን ይፈራዋል። ሲፈራው ደግሞ የሚያልፋቸው ቀናት ይበዛሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁጥሩ ይብስ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መጠኑም እንደገና ይጨመራል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ያቺ «አዎ» ናት። ወጣቱ እውነቱን ቢናገር ሊያወራ የሚገባው ስለ መርፌ ብቻ አይሆንም፤ ስለ ደባሎቹ፣ ስለ ሌሊት ፈረቃው፣ ስለሚወዳት ልጅ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለሚሸፍነው ኪራይ ማውራት ይኖርበታል። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙም ያን ሁሉ አልጠየቀውም። ስለዚህ «አዎ» ይላል። ስኳር ያለባቸው ወጣቶች በሕይወታቸው መርካት አለመርካታቸውና ሕክምናቸውን መከተል አለመከተላቸው ምን እንደሚያገናኘው ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በቅድሚያ ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደሚለኩ እንይ። የሕይወት እርካታ የዕለቱ ደስታ ወይም ንዴት አይደለም። ሰው ኑሮውን ጠቅላላ አንስቶ፣ በራሱ ሚዛን፣ «እንዲህ ሆኖ መኖሬ ይበቃኛል ወይስ አይበቃኝም?» ብሎ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በዓለም ላይ ብዙ የተሠራበት መለኪያ ኤድ ዲነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ሲሆን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ5 እስከ 35 ይደርሳል፤ 20 መካከለኛው ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው 28 ሊያገኝ፣ ባለመኪናው 12 ላይ ሊቀር ይችላል።

ሕክምናን መከተል የሚባለውን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሰነድ ሲያብራራ፣ ታካሚው መድኃኒት በመውሰድ፣ በአመጋገብና በአኗኗር ረገድ ከባለሙያው ጋር ከተስማማበት ምክር ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ ነው ይላል። የተሰጠውን ትእዛዝ መፈጸም ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ ስምምነት መኖር አለበት። ያው ሰነድ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናቸውን በአግባቡ የሚከተሉት ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። እንግዲህ መርፌ ማለፍ የመንዝ ወይም የተጉለት ልጅ ስንፍና አይደለም።

ለምን በዚህ ዕድሜ ይብሳል? ዓይነት 1 የሚባለው ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የደምን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ሲያጠፋቸው ነው፤ በየትኛውም ዕድሜ ሊመጣ ቢችልም ብዙዎችን በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራቸዋል። (በነገራችን ላይ፣ እንደኛ ባሉ አገሮች በምግብ እጥረት ያደጉ ከሲታ ወጣቶች ላይ የሚታይ ለየት ያለ ስኳር እንዳለ ሐኪሞች ከቆዩ ዓመታት ጀምሮ ሲናገሩ ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። «ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው» የሚለው የሰፈር ወሬ በሁለት በኩል ስሕተት ነው ማለት ነው።) ልጁ ቤት ሳለ እናቱ ትቀሰቅሰዋለች፣ ሲወጋ ታየዋለች፣ ምሳው ከዘገየ ትቆጣለች። 18 ወይም 19 ዓመት ሲሆነው ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ፋብሪካ ወይም ግንባታ። የእናቱ ዓይን በአንድ ቀን ይቀራል። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ በቀን ሁለቴ የሚወጋ ሰው በዓመት 730 ጊዜ ይወጋል፤ መለካቱ፣ ምግቡን ማሰቡ፣ መድኃኒቱን ፍለጋው ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ የሚወርድበት ደግሞ ሰው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እንጀራው፣ ስለ ትዳሩ በሚወስንበት ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ማያያዣው ገመድ። ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ይጎተታል።

ከአንደኛው ጫፍ፣ ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ሕይወትን ያስጠላል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ይዞ ማስቀረት ስለሚያቅተው ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ውሃውንም ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሣ ተማሪ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ በትንሽ ነገር ይበሳጫል። «ሕይወቴ ተበላሸ፣ ከእንግዲህ ለምንም አልሆንም» ሲል የሚሰማው ነገር ከፊሉ የኑሮው እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን የዚያ 300 ድምፅ ነው። ይህን ማወቅ በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስኳሩ በሥርዓቱ ሲወርድ ጥማቱና የሌሊት ሽንቱ በቀናት ውስጥ ይቀንሳሉ። ሕክምናው ከሃያ ዓመት በኋላ ዓይን ለማዳን ብቻ እንዳልሆነ ወጣቱ በራሱ ገላ ላይ ማየት ይችላል።

ከሁለተኛው ጫፍ፣ ነገ የማይታየው ሰው ለነገ አይወጋም። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 የሆኑ 1,441 የዓይነት 1 ታማሚዎችን በአማካይ ስድስት ዓመት ተኩል ተከታትሎ ነበር። ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ላይ አዲስ የዓይን ጉዳት በ76 በመቶ፣ የኩላሊቱ በ50፣ የነርቩ በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የወጣትነቱ ጥንቃቄ ጥቅም ጥናቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላም አልጠፋም። ቁጥሩ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚናገረው 45 ዓመት እንደሚሞላው ለሚያምን ሰው ነው። ሥራ የማያገኝ፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የሚኖር፣ «ማን ያገባኛል» ብሎ የተቀመጠ ወጣት ስለ 45 ዓመቱ ዓይን ቢነገረው ጆሮው ላይ አያርፍም። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ብዙ ጊዜ የወጉትና ብዙ ጊዜ የለኩት ሰዎች የኑሮ ጥራታቸው ከሌሎቹ አላነሰም። ያለ ድጋፍ የሚሠራው ጥንቃቄ ነው ሰውን የሚያደቅቀው፤ እነዚያ ሰዎች የሚያማክራቸው ቡድን ነበራቸው።

እርካታንና ሕክምናን መከተልን አብረው የሚለኩ ጥናቶች በብዛት ሰውን አንድ ጊዜ ጠይቀው የሚያቆሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥናት ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን ያሳያል እንጂ የቱ እንደቀደመ አይነግረንም። እኔ ይህ ብዙ አያስጨንቀኝም። ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ የሚጎተት ከሆነ ከሚቀለው ጫፍ መጀመር ይቻላል።

ፍርሃትን ግን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው። አንዴ መንገድ ላይ ስኳሩ ወርዶበት የወደቀ፣ ሰዎች «ሰክሯል» ወይም «ይጥለዋል» ብለው ከበው ያዩት ወጣት፣ ያ ቀን እንዳይደገም ስኳሩን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይይዛል። «ከሚወርድብኝ ይውጣ» ይላል። ይህ ግድየለሽነት አይደለም፤ በራሱ ስሌት ትክክል ነው። ስለ ኩላሊት በመስበክ አይፈታም። የሚፈታው የመርፌውን መጠንና ሰዓት በማስተካከል፣ ከ70 በታች ሲሆን ምን እንደሚደረግ በእጁ በማስያዝ ነው፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ዳግም መለካት፣ ከዚያ ምግብ። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ያለውና አንድ ደባሉ ጉዳዩን የሚያውቅለት ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀላል። አረቄ ደግሞ ይህን አደጋ ያባብሰዋል፤ ጉበት አልኮሉን በማጥራት ሲጠመድ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ስለሚቀንስ፣ ማታ የተጠጣው ለሊቱን ወይም ጠዋቱን ሊጥል ይችላል። በደብረ ብርሃን ብርድ «ትንሽ ለሙቀት» የሚለው ግብዣ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መደበቅም አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እናሳድጋቸዋለን፤ ልጅቷ ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስ ግን «ለማንም እንዳትናገሪ» የምንለው እኛው ነን። ሲሪንጅ ያየ ሰው አንዱ ዕፅ፣ ሌላው ኤችአይቪ ይጠረጥራል። ስለዚህ መርፌው መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በጨለማ፣ በጥድፊያ ይወጋል፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይታለፋል። ለአማቶች ወሬ የሚሆን አንድ እውነት ልጨምር፦ ከወላጆቹ አንዱ ዓይነት 1 ስኳር ካለበት፣ ከአሥር ልጆች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በሽታው አይይዛቸውም። ስኳሯን ከእርግዝና በፊት አስተካክላ ክትትሏን የያዘች ሴትም ጤነኛ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ይህን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሚነግር ሰው ቢኖር ብዙ መርፌዎች በወቅታቸው ይወጉ ነበር።

ሰሜን ሸዋ ለኢንሱሊን አስቸጋሪ አገር ነው፤ ደጋም ቆላም በአንድ ዞን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በጣርማ በር ወርደው ደብረ ሲናን አልፈው፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ወጣት ጎረቤት ወይም ሱቅ ያስቀምጣል፤ የጎረቤት በር በተዘጋ ቁጥር መርፌ ያመልጣል፣ ጎረቤቱም ጉዳዩን ሁሉ ያውቃል። ሁሉም የማያውቀው ግን በአገልግሎት ላይ ያለው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ የግድ እንደማያስፈልገው ነው፤ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች ጣቢያ እንደሚታየው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ተይዞ ጉልበቱ እንዳልጎደለ ታይቷል። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ልጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው፦ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ወይም በውሃ በራሰ አሸዋ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ገንቦ ውስጥ፣ በገዛ ክፍሉ፣ ማንንም ሳያስቸግር መያዝ ይችላል። ደጋ ላይ ያለው ስጋት ግን ቅዝቃዜው ነው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ተመልሶ ቢቀልጥም ተበላሽቷል፤ ይጣላል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ መስኮት ሥር፣ ወይም ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አጠገብ አይቀመጥም።

ጾምና ጠበል ላይ ደርሰናል፤ ብዙ ባለሙያዎች ረገጥ አድርገው የማያልፉት ቦታ። በዚህ አገር ላለ ወጣት እምነቱ የሕይወት እርካታው አንዱ ምሰሶ ነው። 55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፤ ከእኩዮቹ ተለይቶ መብላት ከበሽታው በላይ ያሳፍረዋል። ጠዋት ድፍርሱን ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለውን፣ ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት የማይበላ ሰው አደጋ ላይ ነው፤ ይህ መድኃኒት ከተወጋ ከአራት ሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ብዙው የሚመርጠው መርፌውን መተው ነው፤ ለዓይነት 1 ደግሞ ይህ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ሕመምተኛን ያለ አቅሙ አያስገድዱም፤ በረመዳንም ጉዳዩ ያው ነው። ሆኖም «አትጹም» ብቻ የሚባል ወጣት ሳይናገር ይጾማል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀጠሮ «ልትጾም አስበሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል፣ ካልተቻለም ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር መላክ ይችላል።

ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለሱባዔ የሚሄድም እንዲሁ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ለ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በዓይነት 1 የተያዘ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዛሬም መርፌውን ጨርሶ ያቆመ ሰው በቀናት ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ጠበሉ ከመርፌው ጋር አይጣላም። «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» የሚለው፣ ከየትም ወገን ይምጣ፣ ልጁን ከሁለቱም ያርቀዋል።

ፋብሪካ ለሚሠራው አንድ ነገር ልበል፦ የፈረቃ ሰሌዳህን ለቀጠሮ ይዘህ ሂድ። «ጠዋትና ማታ» የሚለው ትእዛዝ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ትርጉም የለውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ መሰልቸት የሚባል ነገር አለ፤ ተመራማሪዎች ከድብርት ለይተው ያጠኑታል። ዊልያም ፖሎንስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዚህ ብቻ የሚሆን 20 ጥያቄ ያለው መለኪያ አውጥተዋል። ሰውየው ሌላው ኑሮው ደህና ሆኖ ስኳሩ ብቻ ሲያንገሸግሸው ነው፦ መለኪያውን ማየት ያስጠላዋል፣ ቀጠሮ ይዘላል፣ «ለአንድ ወር ብቻ እንደ ሰው ልኑር» ይላል። መድኃኒቱ ኪኒን አይደለም፤ ሸክሙን ማቅለል ነው። ሁሉንም በአንዴ ማስተካከል ትቶ አንዲት ነገር መያዝ፣ ለምሳሌ የማታውን መርፌ ብቻ ለሁለት ሳምንት አለማለፍ፤ ሌላ ስኳር ካለበት ወጣት ጋር መገናኘት። ድብርት ግን ስኳር ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው ሰው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ፍላጎት የጠፋበት፣ በተለይም ሞትን የሚመኝ ሰው ሳይዘገይ ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ቤተሰብ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ፖሊስነቱን መተው ነው። ስልክ ተደውሎ የመጀመሪያው ቃል «ስንት ገባ?» ከሆነ ልጁ ቁጥር መፍጠር ይለምዳል። በስኳር የሚጨቃጨቁ ቤቶች ውስጥ ያሉ ልጆች ስኳራቸው የባሰ እንደሆነ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። «ልጄ፣ እንዴት ዋልክ? ኢንሱሊኑ እስከ መቼ ይበቃሃል?» የሚለው ይሻላል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘብና መንገድን የሚመለከት ነው፤ ወላጅ ሊረዳ የሚችለውም በእሱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸው ቤተሰቦችም ልጁ 18 ሲሞላው በካርዱ ላይ እንዴት እንደሚቆይ ከቀበሌው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ታሞ ከተመለሰ በኋላ መጠየቅ ዘግይቷል።

ባለሙያው ደግሞ ጥያቄውን ይቀይረው። «በሥርዓቱ ትወስዳለህ?» የሚለው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ሰው ሁሉ አልፎ አልፎ ያመልጠዋል፤ ባለፈው ሳምንት ስንቴ አመለጠህ? ያን ቀን ምን ገጠመህ?» ሲባል «ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎ…» የሚል ድምፅ ይመጣል። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ፣ ኤዋንሲ የሚባለው፣ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር የከረመውን አማካይ ያሳያል፤ ለቀጠሮ ዋዜማ ብቻ በተደረገ ጥንቃቄ አይሸወድም። የብዙዎች ግብ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ከ12 ወደ 9 የወረደ ወጣት ግን ስድብ ሳይሆን «በርታ» ይገባዋል።

አንድ ነገር ብቻ ለድርድር አይቀርብም። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ሲታመምና ምግብ ሲያስጠላው ኢንሱሊኑን አያቆምም፤ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል እንጂ። ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ጠረን ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሳይጠብቁ።